ከመቶ መቶ ስምንት

እዚያ ሆስፒታል መጀመሪያ ያስተማሩን ነገር የሳህን እጣቢ መጠጣት ነው።

ቀልድ አይደለም። በልተን ስንጨርስ ባለሚዛኗ ትመጣለች። የምግብ ባለሙያ ናት፤ የምትገፋው ጋሪ ላይ ሁልጊዜ ሚዛን ስለማይጠፋ ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ። ሳህኑን በላስቲክ መፋቂያ ጥርግ አድርጋ ትፍቀውና የተፋቀውን በማንኪያ ታጎርሳለች። ከዚያ አፉ ከቀጠነ የፕላስቲክ ጠርሙስ የተጣራ ውኃ ትጨምርበትና ሳህኑን ወዲያ ወዲህ እያዘነበለች አዟዙራ "ጠጪ" ትላለች። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ብርጭቆም እንደዚያው ነው። ቤታችን ቢሆን ኖሮ እማዬ ሳህን ስልስ ብታየኝ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። እዚህ ግን ሳህን መላስ ጨዋነት ሆኖ ቁጭ አለ።

"ሳህኑ ላይ ምንም መቅረት የለበትም" ትላለች ባለሚዛኗ፤ "አንድ ጠብታ ከቀረ የሁላችንም ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።"

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሳህን ባዶ ማድረግ ማንም ሳያውቅብኝ ሁለት ዓመት ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነበር።

ወንድሜን ዳክዬ ነው የምንለው። በሁለቱም እግሮቹ ሁለተኛውና ሦስተኛው ጣት የተጣበቁ ናቸው። ሲወለድ አባባ አይቶ፣ "ዋና የሚያስተምረው አያስፈልገውም፣ ችሎ ነው የመጣው" አለ ይባላል፤ ስሙ በዚያው ቀረ። ሆስፒታል ስንገባ አራት ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ላየው ግን የሁለት ዓመት ልጅ ነው የሚመስለው። እንቅልፍ የለውም። ሲነኩት ይቆጣል፣ ሲተዉት ያለቅሳል። አፉን አንዴ ከዘጋ ደግሞ የሚያስከፍተው የለም።

እማዬ ግን ተስፋ አትቆርጥም። ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በአንድ እጇ ጭንቅላቱን ደግፋ፣ "ይቺን ለእማዬ፣ ይቺን ለአባባ" እያለች ትለምነዋለች። ፊቱን ያዞራል። ማንኪያውን አስከትላ ታዞራለች፤ እሱም መልሶ ያዞራል። በመጨረሻ ሳህኑን እንደሞላ ይዛው ወደ ማድ ቤት ትገባና ጀርባዋን ሰጥታን ማጠቢያው ጋ ትቆማለች። ውኃ አትከፍትም፤ ዝም ብላ ትቆማለች። እኔ የእናቴን ልቅሶ የማውቀው ከጀርባዋ ነው። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ድምፅ የለውም።

አንድ ቀን ዝናብ ድንገት መጣና ልብስ ልታነሣ ወደ ግቢ ሮጠች። ዳክዬ ፊት የእንቁላል አስኳል ተፈርፍሮ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ወንበር የማይችለኝ ልጅ ነበርኩ። ቁጭ ካልኩ እግሬ ይወዛወዛል፣ እግሬን ከያዙት ጣቶቼ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እማዬ ከስሜ ይልቅ "ቅብጥብጧ" ብትለኝ ይቀናት ነበር። አስኳሉን ለምን እንደበላሁት ለራሴ የማሳምረው ታሪክ አለኝ፤ እውነቱ ግን አስኳል ስለምወድና መጠበቅ ስለሰለቸኝ ነው። በላሁት። እማዬ የረጠበ ልብስ ታቅፋ ገባች፤ ሳህኑን አየች፤ ልብሱን እንደታቀፈች ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

"በላ?" አለች።

አፌ ባዶ ስላልነበረ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ሁሉንም?"

ራሴን ነቀነቅሁ። ዳክዬን ሳመችው፣ እኔንም ሳመችኝ፣ የረጠበው ልብስ በመካከላችን ጨፍለቅ አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ስትተኩስ ስታንጎራጉር ሰማኋት። እናቴን ማስደሰት እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን አላደርገውም አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲጠራ፣ በር ሲንኳኳ፣ ወተት ሊገነፍል ሲል፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሁሉን አልበላም ነበር፤ ጥቂት ለዳክዬ እተውለታለሁ፤ አንዳንዴ ይቀምሳታል። እማዬም ለሐኪም፣ ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ "መብላትስ ይበላል፤ እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚበላው፤ ወዴት እንደሚገባ ግን እንጃ" ማለት ጀመረች።

ይኸው ነው ሆስፒታል ያስገባን። ዛሬ ያንን ዶሴ አንብቤዋለሁ፤ የመጀመሪያው መስመር "ሕፃኑ የሚቀርብለትን ምግብ በሙሉ ይመገባል፤ ሆኖም ክብደት አይጨምርም" ይላል። ጽሑፉ የሐኪም ነው፤ የሐሳቡ ባለቤት ግን እኔ ነኝ።

ሰው ሁሉ ኮሌስትሮል ሲባል ይደነግጣል፤ ከጮማ ይሸሻል፣ አስኳሉን ለይቶ ይተዋል። ዳክዬ የተቸገረው በተቃራኒው ነው። ሰውነታችን ኮሌስትሮልን ራሱ ይሠራል፤ አንጎልም ሌላውም አካል ያለ እሱ አይሆንለትም። የዳክዬ ሰውነት ይህን መሥራት አይችልም። ሲፈጠር ጀምሮ ነው፤ ከብዙ ሺህ ልጅ አንዱ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ያለው አማራጭ ከውጭ መስጠት ነው፤ በአስኳልና በዱቄት መልክ በሚዘጋጅ መድኃኒት። ዱቄቱ ያኔ ጥቂት ነበር፣ ተራ የሚጠብቁ ልጆች ደግሞ ብዙ ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ የልጁ አንጀት ከሚሰጠው ውስጥ ስንቱን ወደ ደም እንደሚያሳልፍ ይለካል። የሚያሳልፍ ከሆነ ዱቄቱን ያገኛል። የማያሳልፍ ከሆነ ዱቄቱ ለሌላ ልጅ ይሄዳል።

እማዬ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። እኔ የማውቀው ሳህን እንደሚመዘን ብቻ ነው። ሲመጣ ይመዘናል፣ ሲሄድ ይመዘናል። ሳህኖቹ ፈተና ላይ ያሉ ይመስለኝ ነበር።

እኔን የወሰዱኝ ለማነጻጸሪያ ነው። ከዚያው እናትና አባት የተወለደች ጤነኛ ልጅ ያስፈልጋቸው ነበር። ረጅሙ ዶክተር ቁልቁል ጎንበስ ብሎ፣ "አንቺም ትረጂናለሽ አይደል?" ሲለኝ አንገቴ ረዘመ። ክፍላችን ሁለት የብረት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ለእማዬ አንድ የሚታጠፍ ወንበር ነበረው። በመስኮት የተሽከርካሪ ወንበር የሚወርድበት ዘቅዛቃ መንገድ ይታያል፤ በእሱ ላይ እየሮጥኩ ስወርድ በዓይኔ ይመጣብኛል፤ ግን እጄ ላይ መርፌ በፕላስተር ተለጥፏል፣ መውጣት ክልክል ነው። ስለዚህ የዳክዬን አልጋ እዞራለሁ። አልጋው ጎማ አለው፤ ስነካው ሲጢጥ ይላል። "እባክሽ ልጄ፣ አንድ ቦታ እረፊ፤ ዓይኔን አዞርሽው" ትላለች እማዬ። አርፋለሁ። ወዲያው ደግሞ እነሣለሁ።

ምግብ ሲመጣ ባለሚዛኗ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ ስድስት ክፍል አለባት። እማዬ ታበላለች። ዳክዬ ሲበላ ደረቱ ላይ የሚታሰርለት ቢብ ሲረጥብ ልታጥብ ትወጣለች። ከዚያ የእኔ ተራ ነው። ቤት ውስጥ ከምሠራው ልዩነቱ እዚህ ሕግ ከጎኔ መቆሙ ነበር።

ዋናው ቀን ጠዋት ላይ ሁለት ትንንሽ ብርጭቆ መጣ። የእኔ ቀይ መስመር፣ የዳክዬ ሰማያዊ መስመር አለው። ወተት የሚመስል፣ ቅባት ያለው ነገር ነው። ውስጡ ምልክት የተደረገበት ኮሌስትሮል አለ፤ ከተራው ጥቂት የሚከብድ፣ ማንንም የማይጎዳ። ሌላ ምልክት ያለው ደግሞ በደም ሥራችን ተሰጠን። ከሦስት ቀን በኋላ ደም ይወሰድና ማሽን ሁለቱን ለይቶ ይመዝናል፤ በአፍ የገባው በደም ሥር ከገባው ጋር ሲተያይ አንጀት ስንቱን እንዳሳለፈ ይታወቃል። ዛሬ ይህን በእንቅልፌ እሠራዋለሁ። ያኔ የማውቀው ወተቱ የሻማ ጣዕም እንዳለው ነው።

የእኔን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ዳክዬ አፉን ዘጋ። ባለሚዛኗ ሞከረች፣ ነርሷ ሞከረች። ከጎረቤት ክፍል አንድ ልጅ ያስመልሰዋል ተብሎ ሁለቱም ተጠሩ።

"እናት ትሞክር፤ አሁን እንመለሳለን" ብላ ባለሚዛኗ ሮጠች።

እማዬ ሞከረች። ለእማዬም ለአባባም እምቢ አለ። ብርጭቆውን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችና፣ "ፊቴን ታጥቤ ልምጣ፤ ወንድምሽን እይው" አለችኝ። ፊት መታጠብ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በሩ ከኋላዋ ሳይዘጋ ጀርባዋን አየሁት።

ብርጭቆውን አነሣሁ። ያን ቀን አስኳልም አልነበረም፣ የሚጣፍጥም ነገር አልነበረም። የማልፈልገውን ነገር ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው። ጠጣሁት። ሳላጥበው በፊት በጣቴ ከጠርዙ ነጩን ነካ አደረግሁና የዳክዬን የላይኛ ከንፈር ቀባሁት፤ የወተት ጢም አወጣ። ሌላ ጊዜ ፊቱን ሲነኩት የሚጮኸው ልጅ ጣቴን አልገፋም። ዝም ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ጠርሙሱን አንሥቼ ብርጭቆውን አጠብኩ፣ እጣቢውን ጠጣሁ። ሦስቴ። ሕግ ሕግ ነው።

እማዬ ተመለሰች። ብርጭቆውን አየች፣ ጢሙን አየች።

"ጠጣ?"

"ጠጣ።"

"አጥበሽ ሰጠሽው?"

"ሦስቴ" አልኩ። ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም።

ባለሚዛኗ መጥታ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ በብርሃን አየችው፣ ሰዓቷን አይታ ጻፈች። "ምን ያለው ጎበዝ ነው" አለች። እማዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት፤ ከገባን ጀምሮ ስትተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያኔ ነው።

ውጤቱ ከአንድ ወር በኋላ ደረሰ። እማዬ፣ ዳክዬ እቅፏ ውስጥ፣ እኔ ከጎኗ፤ ከጠረጴዛው ማዶ ዶክተሩና ባለሚዛኗ። እግሬ ወንበሩን ይመታል፤ እማዬ ጉልበቴን ያዝ አደረገችው።

"እንግዲህ እናቴ" አለ ዶክተሩ፤ ወረቀቱን ከማንበብ ይልቅ ያስተካክለዋል። "ከሰጠነው ውስጥ በአንጀቱ ያለፈው ከመቶ ሁለት ነው።"

"ሁለት ምን?"

"ሁለት እጅ። ከመቶው ሁለት። አላለፈም ማለት ይቻላል።"

"እንዴት ይሆናል ዶክተር? ይበላል እኮ። ሳህኑን አይታችኋል፤ መዝናችሁታል።"

"መዝነነዋል። ለዚህ ነው ያዘንነው። እየበላ አንጀቱ የማይቀበል ከሆነ ዱቄቱም ያው ነው። የሚጠብቁ ልጆች አሉ፤ ይረዱኛል ብዬ አስባለሁ።"

እማዬ የዳክዬን ቢብ ማጠፍ ጀመረች፤ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት።

"የእህቱስ?" ሲል ዶክተሩ ባለሚዛኗን ጠየቃት።

"ከመቶ መቶ ስምንት" አለች ባለሚዛኗ፤ ዓይኗን ከወረቀቱ አንሥታ እኔ ላይ ተከለችው።

ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ክፍላችን ውስጥ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ያመጣው ዘጠና አራት ነው። መቶ ስምንት ያመጣ ሰው በታሪክ ሰምቼ አላውቅም። ዳክዬ በሁለት መውደቁ አሳዘነኝ፤ ግን ትንሽ ልጅ ነው፣ ድጋሚ ይፈተናል አልኩ። እንኳን ደስ ያለሽ የሚለኝ ሰው ጠበቅሁ፤ ማንም አላለኝም።

ኮሪደር ስንወጣ እማዬ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ዳክዬ በክንዷ ላይ ጸጉሯን ይጎትታል፤ አልከለከለችውም።

"አንጀቱ ካልተቀበለ ምን ላድርግለት? ምን ላብላው?" አለች ለግድግዳው።

ባዶ ሳህን ሲያይ የሚስቀው ፊት ይህ ፊት ነበር። ሳህኑ ባዶ ነው፤ ለምን ታለቅሳለች? የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ነገር እንዳበላሸሁ ገባኝ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም። መቆም አቃተኝ፤ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ መመላለስ ጀመርኩ።

ባለሚዛኗ በሩን ከፍታ ወጣች። "ይህችን ቅብጥብጥ ለአፍታ ላውሳት" አለች ለእማዬ፤ እጄን ያዘችኝ።

የወሰደችኝ ምግብ ወደሚመዘንበት ማድ ቤት ነው። የብረት ጠረጴዛ፣ የእንቁላል ትሪ፣ ያ ሚዛን። አንድ እንቁላል ሰብራ አስኳሉን ለይታ በትንሽ ሳህን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው።

"ስንት ይላል?"

"አሥራ ሰባት ግራም።"

"ይህን ብሰጥሽ ስንት ግራም አስኳል ትበያለሽ?"

"አሥራ ሰባት።"

"ሃያ መብላት አትችይም?"

"ከየት አመጥቼ?" አልኩ፤ የሞኝ ጥያቄ ጠየቀችኝ ብዬ።

"እኔም ይህን ልጠይቅሽ ነው ያመጣሁሽ" አለች፤ ድምጿ አልከረረም። "መቶ ሰጥቼሽ መቶ ስምንት ወስደሻል። ስምንቷን ከየት አመጣሻት?"

ለመሮጥ በሩን አየሁ። ሩቅ አልነበረም። እግሬ ግን፣ ያ አንድ ቀን ዐርፎ የማያውቅ እግሬ፣ እምቢ አለኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ወተቱን፣ ጢሙን፣ የሆስፒታሉን ሳህን፣ የቤቱን፣ ዝናብ የጣለበትን ቀን። ስጨርስ ባለሚዛኗ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

"ሁለት ዓመት?" አለች።

"ሁለት ዓመት። ለእማዬ ይነግሯታል?"

"ብነግራት ምን የምትል ይመስልሻል?"

"አትወደኝም።" ይህን ስል ነው እንባዬ የመጣው። "ከዳክዬ አፍ ነጥቃ ነው የምትለኝ።"

ባለሚዛኗ በሽርጧ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረገችኝ። "እስቲ አንድ ነገር አስቢልኝ" አለች። "ዳክዬ ደስ ብሎት አፉን ከፍቶ የበላበት ቀን አለ? ራሱ ፈልጎ?"

አሰብኩ። "ስሮጥ" አልኩ።

"ስትሮጪ?"

"ጠረጴዛውን ስዞር ይስቃል። ሲስቅ አፉ ይከፈታል። አንዴ እያለፍኩ ዳቦ ጣል አደረግሁበት፤ ዋጠው። ግን እማዬ ምግብ ላይ አይሮጥም ትላለች።"

ባለሚዛኗ ከትከት ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። "ከዛሬ ጀምሮ ማንኪያው ያንቺ ነው" አለችኝ። "ለእማዬ የሚነገረውን ለእኔ ተይው።"

ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣኝ ወደ ዶክተሩ ክፍል ገባች፤ እማዬም ተጠራች። በሩ መስታወት አለው፤ ጉም የመሰለ። ሦስት ጥላ ይታየኛል። አንዱ ጥላ ቁጭ አለ። ከዚያ ለብዙ ጊዜ ማንም አልተንቀሳቀሰም። የሚሉት አልተሰማኝም።

በሩ ሲከፈት ዶክተሩ እንደ መምህር ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ማሽኑ ተሳስቷል፤ እንደገና እንለካለን" አለ። ከኋላው እማዬ ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ማሽን!" አለች፤ ኮሪደሩ ሁሉ ሰማ። "እኔ ድሮም አላመንኩትም። ብረት ስለ ልጄ ሆድ ምን ያውቃል? ውሸታም ማሽን ነው። ሰው ያስለቅሳል።" ይህን ሁሉ ስትናገር እኔን አላየችኝም፤ ከዚያ መጥታ እጄን ያዘችና ጨበጥ አደረገችው፤ እስኪያመኝ።

ትንፋሼ ተመለሰ። ባለሚዛኗ ዋሽታ አዳነችኝ ብዬ አመንኩ። በማሽኑ ላይ መናደዷ የእናቴን ዓይን እንዲያ እንዳቀላው ቆጠርኩ።

የመጀመሪያው ምልክት ከደማችን ቀለል እስኪል ስድስት ሳምንት ጠብቀን ተመለስን። ሰማያዊው ብርጭቆ መጣ። በዚህኛው ቀን እማዬ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት እጆቿን ከጭኗ ሥር ቀበረቻቸው፣ እንዳይነሡባት። ባለሚዛኗ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ማንኪያ ይዤ አልጋውን መዞር ጀመርኩ። ሲጢጥ። ዳክዬ በዓይኑ ተከተለኝ። በሦስተኛው ዙር ሳቀ፤ አስገባሁ። ደግሞ ዞርኩ። የሚያልፍ ሰው ቢያየኝ ያበድኩ ነበር የሚመስለው። እማዬ፣ በሕይወቴ ሙሉ "እረፊ" ያለችኝ እናት፣ ስደክም አይታ በሹክሹክታ፣ "በርቺ፣ አታቁሚ" አለችኝ። ብርጭቆው ከነሦስት እጣቢው በሠላሳ አንድ ዙር አለቀ።

ውጤቱ የእኔ ሃምሳ አራት፣ የዳክዬ ሃያ ሰባት ሆነ። ከአንደኝነቴ ወደቅሁ፤ ደንታም አልሰጠኝ።

"ሃያ ሰባት ይበቃል?" አለች እማዬ።

"ለመጀመር ይበቃል" አለ ዶክተሩ።

ዱቄቱ ተሰጠን። ዳክዬ አልዳነም፤ ይህ በሽታ የሚድን አይደለም። ግን በዚያ ዓመት ሁለቴ ጫማ ቀየርንለት። አንድ ጠዋት ደግሞ ሁላችንም ፀሐይ ወጥታ ስንነቃ እሱ ገና ተኝቶ ነበር፤ እማዬ ትንፋሹን ለማዳመጥ ጆሮዋን አፍንጫው ላይ አስጠጋች።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈ። እኔ ዛሬ የምሠራው እንደዚያ ካለ ማሽን ጋር ነው። ሥራውን ያገኘሁ ቀን እማዬ፣ "ከዚያ ውሸታም ጋር ልትውይ ነው?" አለችኝ። እስካሁንም ከሥራ ስመለስ፣ "ዛሬስ ስንት ዋሸ?" ትላለች። እስቃለሁ። በሳቁ ሥር ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ነበር፤ እናቴን ሠላሳ ዓመት አታልዬ የምኖር ሰው ነበርኩ።

ባለፈው ወር የድሮ ዶሴዎች ወደ ኮምፒውተር እንዲገቡ ታዘዘ። የእኛን ዶሴ ፈቃድ ጠይቄ ወሰድኩት። የመጀመሪያው ውጤት በቀይ መስመር ተሰርዟል። ከሥሩ በባለሚዛኗ ደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ "የልጁን መጠን እህቱ ጠጥታዋለች። ሁሉም ለእናት ተነግሯል። እናት ልጅቷ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ይዛ እንዳታድግ ማሽኑ ተሳስቷል እንዲባል ለምናለች። ተስማምተናል።"

ዶሴውን ዘግቼ ላቦራቶሪውን ስንቴ እንደዞርኩ አላውቅም። ከመስታወቱ ማዶ ቁጭ ያለው ጥላ እማዬ ነበረች። ለሁለት ዓመት ልጇ ሲበላ ያየችው ሁሉ እንዳልነበረ በዚያ ወንበር ላይ ሰማች። ሰምታ ስትነሣ መጀመሪያ ያሰበችው ለእኔ ነው። ኮሪደር ላይ ያ ሁሉ ጩኸት እኔ እንድሰማው ነበር።

ልነግራት ወሰንኩ፤ እንዴት እንደምጀምር ግን አጣሁ። ቀናት አለፉ።

እማዬ አሁን ከእኔና ከዳክዬ ጋር ነው የምትኖረው። ሰሞኑን ቀሚሷ ሰፍቷታል። እኔ ደግሞ የሥራ በሽታ ነውና በየእሑዱ ሚዛን ላይ አወጣታለሁ፤ በየእሑዱ ትቀንሳለች። ሳህኗ ግን ባዶ ነው፣ ብርጭቆዋ ባዶ ነው። "ጨርሻለሁ" ትላለች። ለሐኪሟም ይህንኑ ነገርኩት፤ "መብላትስ ትበላለች።"

ትናንት ጠዋት የተቀቀለ እንቁላልና ወተት አቅርቤላት ቁልፌን ልፈልግ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። ዳክዬ ግድግዳ እያየ ያላምጣል። እማዬ ቁጭ ብላለች፤ የላይኛ ከንፈሯ ላይ የወተት ጢም አለ።

እናቴ በዕድሜዋ ሙሉ አፏን ሳትጠርግ ከማዕድ ተነሥታ አታውቅም። ያንን ጢም አወቅሁት። በዓለም ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ዳክዬ ያኔ አራት ዓመቱ ነበር፤ ዝም ብሎ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጊዜ ለካ እየተማረ ነበር።

ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"እማዬ፣ እሑድ ሁለት ኪሎ ቀንሰሻል።"

"ሚዛኑ ነዋ" አለች፤ ዓይኗን ወደ ዳክዬ ሰረቅ አደረገች። "ውሸታም ነው።"

"አዎ" አልኩ። "ማሽኑ ነው የተሳሳተው።"

ቀና ብላ አየችኝ። ጢሙን በእጇ ጀርባ ቀስ ብላ ጠረገችው።

"ማን ነገረሽ?"

"ባለሚዛኗ።"

"ያቺ ሴትዮ" አለች፤ "ምሥጢር አትችልም ማለት ነው።"

"ሠላሳ ዓመት ችላለች፣ እማዬ።"

ማድ ቤት ገብቼ ሌላ እንቁላል ቀቀልኩ፤ አስኳሉን ፈርፍሬ አመጣሁ። ማንኪያውን ለዳክዬ ሰጠሁት። ማንኪያውን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና ጠረጴዛውን በእነዚያ በተጣበቁ ጣቶቹ ዱብ ዱብ እያለ መዞር ጀመረ።

"ምግብ ላይ አይሮጥም" አለች እማዬ።

በመጀመሪያው ዙር አፏን አልከፈተችም። በሁለተኛውም አልከፈተችም። በሦስተኛው ሳቀች።